ጆሊን ሁለቴ አትጠይቅም

ጆሊን ፔልቲየር ሱቄ የገባች ዕለት ቀልቤ አልወደዳትም። ምን ይደረግ፣ እውነቱን ልናገር እንጂ። እኔ ውብአለም ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ ልብስ እጠግናለሁ። በዚያ ማለቂያ በሌለው የባቡር ግንባታ ጊዜ ግራና ቀኜ ያሉ ሱቆች አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ አቧራ እየጠረግኩ፣ ደንበኛዬን በአጥር መሀል እያሾለክኩ ከርሜያለሁ። ስለዚህ ሱቄ ገብቶ የሚያዘኝን ሰው አልወድም። እሷ ደግሞ ረጅም፣ ጠይም፣ ፀጉሯን በአንድ ጉንጉን ወደ ኋላ የለቀቀች ሴት፣ ትልልቅ ጥቁር ላስቲክ ተሸክማ ገባችና የልጆች የበረዶ ሱሪ ወለሌ ላይ ዘረገፈች። ዚፑ የሄደ፣ ጉልበቱ የተቀደደ፣ መቀመጫው ያለቀ።

«የልጆች ነው። እስከ ቅዳሜ ይደርሳል?» አለችኝ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ ለፋሲካም አይደርስም» አልኳት።

«እሺ» አለችና ጎንበስ ብላ ሱሪዎቹን ወደ ላስቲኩ መመለስ ጀመረች።

እንዴ፣ ምን ዓይነት ሰው ናት? እኔ እኮ ትለምነኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ትንሽ ትለማመጠኛለች፣ ትንሽ እኮራለሁ፣ ከዚያ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብዬ እሠራላታለሁ። ሰው የሚግባባው እንደዚያ ነው። እሷ ግን እምቢ ካልሽ እምቢ ነው ብላ ላስቲኳን አሰረች። በሩ ጋ ስትደርስ ደሜ ፈላና «ነይ መልሽው፣ እሠራዋለሁ አልኩሽ እኮ» አልኳት። አላልኩም ነበር። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደድን።

ማን እንደሆነች የነገረችኝ ልጄ ፌበን ናት። «ማሚ፣ ጆሊንን አታውቂያትም? ሺ ኢዝ ፌመስ» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ያቺ ሱሪ ዘርጋፊዬ ከተራራ ጫፍ በአንድ ሳንቃ ተንደርድራ ሰማይ ላይ ስትገለባበጥ አየሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «ይቺ ሴት እናት የላትም?» አልኩ።

እናት አላት። ጆሊን አኒሽናቤ ናት፤ ከእኛም፣ ከእንግሊዙም፣ ከፈረንሳዩም በፊት እዚህ ምድር ላይ ከነበሩት ነባር ሕዝቦች። የተወለደችው ሂውሮን ሐይቅ ዳር፣ ሪዘርቭ በሚሉት ለነባር ሕዝቦች በተከለለ መሬት ነው። ስኖውቦርድ የሚሉትን ያንን በሳንቃ በበረዶ ላይ መንሸራተት የጀመረችው ጎረቤት በጣለው ቦርድ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ባለች ጉብታ ላይ ነው። ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ቶሮንቶ መጣች፤ ከዚያ ውድድር፣ ከዚያ ስፖንሰር፣ ከዚያ ጃፓንና ኦስትሪያ። ስሟ ያለበት ቦርድ ለገበያ ሊወጣ ሲል ስፖንሰሯ የሆነው ኩባንያ ከሥሩ፣ ፊልም ላይ እንደምናየው ያለ፣ ላባ የደፋ አለቃ ሥዕል ለጠፈበት። «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ አንሡት» አለች። «ገበያው ይወደዋል፣ እስቲ ደግመሽ አስቢበት» አሏት። ደግማ አላሰበችም። አንድ ዊንተር ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደረች ያለ ስፖንሰር ተወዳደረች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኩባንያ አክስቷ በዶቃ የምትሠራቸውን አበቦች ቦርዷ ላይ አተመላት፤ በዚያ ቦርድ አሸነፈች። ይሄን ስሰማ ለእሷ ያለኝ ነገር ሁሉ ተለወጠ። ጀግና እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን በአውቶቡስ ከከተማው በስተ ሰሜን ወዳለ የበረዶ መንሸራተቻ ኮረብታ ትወስዳለች። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ብቻ ነበር። «ሰው ሁሉ እኛ ሩቅ ጫካ ውስጥ ያለን ይመስለዋል፤ እዚሁ ሕንጻችሁ ላይ፣ ከጎናችሁ ነን» ትላለች። ኋላ እነዚያ ልጆች ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ፤ የጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ልጆች፣ የቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ልጆች። የኔዋም ፌበን ከእነሱ ጋር ገባች። ከትምህርት ቤት መጥታ፣ በሯን ዘግታ ከስልኳ ጋር የምትቀበር ልጅ ቅዳሜ ጠዋት እኔን ትቀሰቅሰኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጄ ጆሊን እንዴት እንደምትመራ አየሁ። አትጮህም። ኮረብታው ጫፍ ላይ ልጆቹን በክብ ታቆማለች፤ ከሁሉም ጎበዝ የሆነው መጨረሻ ይወርዳል፣ የወደቀውን እያነሣ እንዲመጣ። የኮረብታው ሰዎች ለማስታወቂያ ፎቶ እናንሣ ሲሉ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ጠየቀች። ፌበን «ኖ» አለች። እኔ «ምን አለበት ልጄ፣ ታምሪያለሽ እኮ» ልል አፌን ስከፍት ጆሊን «እሺ ፌበን» ብላ አለፈች። ካሜራ የያዘው ሰውዬ «አንዷን እኮ ነው፣ እስቲ አግባቧት» ቢል «መልሳለች» አለችው። ልጄ ያን ቀን ቤት እስክንደርስ ቀጥ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው የተቀመጠችው።

እንግዲህ ዘንድሮ ጃንዋሪ ላይ ሹፌሯ ጓዙን ጠቅልሎ አልበርታ ገባ። አውቶቡሱ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ኮረብታው አለ፤ የሚነዳ ሰው ጠፋ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ረጅም ልምድ ያለው፣ አደጋ ያላደረሰ ሹፌር ካልሆነ አልቀበልም ይላል። በዚያው ሰሞን አንድ ፊልም ሠሪ ኩባንያ ኮል አደረገላት። ዊንተሩን በሙሉ ምዕራብ ባሉት ታላላቅ ተራሮች ላይ፣ በሄሊኮፕተር እየወጣች፣ ስሟ ከፊት ሆኖ፣ ስትንሸራተት ሊቀርጿት። ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ነገር ነው።

«ሹፌር ካገኘሁ እዚሁ ነኝ» አለችኝ፣ ሱቄ ውስጥ የተጠገኑትን ሱሪዎች እያጣጠፈች። «እስከ ቅዳሜ ሳምንት ካላገኘሁ ግን ኮረብታው ቀናችንን ለሌላ ይሰጣል። ያኔ እኔም እሄዳለሁ። ልጆቹን ዛሬ ነገ እያልኩ አላንጠለጥላቸውም።»

«ሹፌር ጠፋ ትያለሽ እንዴ፣ የኔ አጎት እያለ?» አልኳት።

ጋሼ ሙሉነህ በልጅነቴ ስፖንሰር አድርገው እዚህ አገር አምጥተው ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህን ከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ከፍ ካለ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይነቅፋሉ። «እይው ይሄን፣ ብሬክ ነው የሚረግጠው ወይስ እባብ?» ይላሉ። በአማርኛ ቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። የአውቶቡስ ላይሰንሳቸውን እስከ ዛሬ ያሳድሳሉ፤ ለምን ሲባሉ «እንዲያው» ይላሉ። እኔ ግን አውቃለሁ። መሪ መያዝ ናፍቋቸዋል።

«እንደ ወጉ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ» አለች ጆሊን። «ቀይ ጨርቅ አለሽ?»

ከቀይ የጥጥ ጨርቅ መዳፍ የምታህል ቆርጬ ሰጠኋት። ስጦታ ልትቋጥርበት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እሁድ ከቸርች መልስ ይዣት ሄድኩ። ጋሼ ከረባታቸውን አላወለቁም። ሻይ ቀረበ፣ ስለ ብርዱ ተወራ፣ ጋሼ ስለ ቤተሰቦቿ ጠየቋት። እሷም ከእናቷ ጀምራ እስከ ቅድመ አያቷ ዘር ቆጠረችላቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዘወር ብለው በአማርኛ «የጨዋ ልጅ ናት» አሉኝ። ያን ጊዜ ጆሊን ሻይዋን አስቀመጠችና ከኪሷ ያንን ቀይ ጨርቅ፣ አሁን የሆነ ነገር ተቋጥሮበት፣ አውጥታ ዘረጋችላቸው። በግራ እጇ። እኔ እፍረት ያዘኝ፤ ለሽማግሌ በግራ እጅ ይሰጣል?

«አቶ ሙሉነህ» አለች፤ «ይሄን ይዤ የመጣሁት ልጠይቅዎት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቻችንን አውቶቡስ እንዲነዱልን።»

ጋሼ ተቀብለው ቋጠሮውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ሽታው ደረሳቸው። ትምባሆ ነው።

ጋሼን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በወጣትነታቸው አጫሽ ነበሩ፤ ጌታን ሲያገኙ ጣሉት። ምስክርነት ስጡ በተባሉ ቁጥር የሚጀምሩት ከዚያ ከሲጋራው ነው። እኛ ቸርች ውስጥ አንድ ሽማግሌ ትምባሆ ይዞ ከሚገኝ ዱላ ይዞ ቢገኝ ይሻለዋል።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ግን ጌታ ከዚህ ነገር ነፃ አውጥቶኛል» ብለው ቋጠሮውን እጇ ላይ መለሱት። «ስለ መንዳቱም፣ እንደው እኔ አርጅቻለሁ። ወጣት ፈልጉ።»

ይሄ የኋለኛው እንኳ መልስ አይደለም። ማንም ሐበሻ ያውቀዋል። ትልቅ ሰው የከበረ ነገር ሲጠየቅ መጀመሪያ «አይ፣ እኔ አልሆንም» ይላል። ጠያቂው «ኧረ እርስዎ ካልሆኑ ማን ሊሆን» ይላል። ሽማግሌው «ይቅርብኝ» ይላል። ጠያቂው «በሞቴ» ይላል። ከዚያ «እንግዲህ ካላችሁ» ተብሎ ነገሩ ያልቃል። ገና ሲጠየቅ እሺ ያለ ሰው ሲቋምጥ የነበረ ይመስላል። ጋሼም እሺታቸውን ምላሳቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ከረባታቸውን አስተካክለው፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ።

ጆሊን ቋጠሮውን ኪሷ ከተተች። «ገባኝ። ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ» አለች። ሻይዋን ጨረሰች፣ እጃቸውን ጨበጠች፣ ሄደች።

ጋሼ የተዘጋውን በር ትንሽ አዩት።

«ሄደች?» አሉኝ።

«ሄደች።»

«በቃ?»

«በቃ መሰለኝ።»

«ታዲያ አልጠየቀችኝም እኮ» አሉ ቅር ብሏቸው። «ትምባሆ አሳየችኝና ሄደች።»

ነገሩ በራሱ ይፈታል ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ በየቀኑ ይደውሉልኛል፤ ስለ እሷ አንድ ቃል አያነሡም፣ ግን «እንደው ያ አውቶቡስ ጎማው የዊንተር ነው?» ይላሉ፤ በማግስቱ ደግሞ «ማሞቂያው እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል?» ይላሉ። ጆሊን በበኩሏ ሰው ትፈልጋለች፣ ታጣለች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ይሄው ነው። ሐሙስ ዕለት ሱቄ መጥታ «ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ጋ ልጆቹን እሰናበታለሁ፣ ፌበን እንዳትቀር» ስትለኝ መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

«ስሚ» አልኳት፤ «ምን ዓይነት ግትር ነሽ? ሰውዬው እሺ ሊሉሽ አፋቸውን ከፍተው ነበር። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ደግመሽ ትጠይቂያለሽ፣ ትለምኛለሽ፣ በሦስተኛው እሺ ይሉሻል። ተነሺ፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

«አልችልም» አለች።

«ለምን? አፍ የለሽም?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚጠየቀው ትምባሆ ተይዞ ነው። እንዲያጨሰው አይደለም፤ ጸሎት ነው። በግራ እጅ የሚሰጠው በልብ በኩል ስለሆነ ነው። ሰውዬው ከያዘው እሺ ብሏል። ከመለሰው እምቢ ብሏል። አጎትሽ መለሱልኝ።»

«እሺ፣ ወግ ነው። ለልጆቹ ሲባል አንድ ቀን ቢታጠፍ ምን አለበት?»

«ወግ ብቻ አይደለም» አለች። ድምጿ አልተለወጠም። «እናቴ ሕፃን ሳለች ሊወስዷት መጡ። የመንግሥት ሰዎች። የተሻለ ቤት አግኝተንላታል ብለው። አያቴ በሩ ላይ ቆማ እምቢ አለች። በሌላ ቀን መጡ፣ እምቢ አለች። በሦስተኛው ከፖሊስ ጋር መጡ። እናቴ ያደገችው ቋንቋዋን በማያውቁ ሰዎች ቤት ነው። ስለዚህ ውብአለም፣ እኔ ሰው እምቢ ሲለኝ አምነዋለሁ። ፕሮግራሙ ቢዘጋም አምነዋለሁ።»

  እጇን ያዝኳት፤ ከዚያ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቶርንክሊፍ ፓርክ ወረድኩ።

ጋሼ መስኮታቸው ሥር ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የትምባሆውን ነገር፣ የአያቷን ነገር፣ የፊልሙን ነገር፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን እንደምትሰናበት። ስለ ትምባሆው ይቆጡኛል ብዬ መልሴን አሰናድቼ ነበር፤ ከዮሐንስ ይጠቅሱብኛል ከጳውሎስ እያልኩ። አልተቆጡም። 

«እምቢ ስላልኩ ነው የሄደችው?» አሉ።

«እምቢ ስላሉ።»

«ታውቂያለሽ፣ በደርግ ጊዜ ጴንጤ ተብለን ስንታሰር» አሉ፤ ይሄን ታሪክ እኔ በስንት ልመና እንኳ አንድም ቀን ከአፋቸው አውጥቼ አላውቅም፤ «መርማሪው ግራ እጅህን አንሣና መፈክር አሰማ፣ እምነትህን ካድና ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ። እምቢ አልኩ። ውስጥ እግሬን ገረፉኝና እንደገና ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ። እንደገና ገረፉኝ። እዚያ ቤት እምቢታ ማለት ለሚቀጥለው ግርፋት መጥሪያ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ወገኔ ሁሉ በፍቅር እምቢታዬን አይሰማም፤ ብላ፣ ጠጣ፣ እደር፣ ውሰድ። አንድ ጊዜ ተናግሬ ያመነኝ ሰው ይቺ ልጅ የመጀመሪያዋ ናት።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔ ደግሞ እየዋሸኋት ነበር።»

«አይ ጋሼ፣ ውሸት እኮ አይደለም። ይሉኝታ ነው።»

«ለእሷ ውሸት ነው» አሉ። «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጄን ኤንድ ፊንች፣ ከኮሚኒቲ ሴንተሩ ጀርባ፣ ያ አሮጌ ቢጫ አውቶቡስ ቆሟል። ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ተሰብስበው፣ ጆሊን ቦርዶቹን ከአውቶቡሱ እያወረደች ለየባለቤታቸው ትሰጣለች። ለእያንዳንዱ ልጅ ምን እንደተማረ፣ ምን ላይ ጎበዝ እንደሆነ ትነግረዋለች። አንዳንዱ ያለቅሳል። ፌበን አታለቅስም፣ ግን ቦርዷን አልቀበልም ብላ እጇን ኪሷ ከትታ ቆማለች፤ በማን እንደወጣች አላውቅም።

ጋሼ ከመኪናዬ ሲወርዱ «አንቺ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አሉኝ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ ከላይ ያ የሥራ ዘመናቸው ወፍራም ጃኬት አለ። ቀስ ብለው በበረዶው ላይ ሄደው ጆሊን ፊት ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። 

«ልጄ» አሉ፤ «እሁድ ዕለት መንዳቱን እምቢ ያልኩሽ ከልቤ አልነበረም። የእኛ ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል። አንቺ ግን ቃሌን አከበርሽልኝ፣ ለዚያ አመሰግንሻለሁ። አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ። ይሄን አውቶቡስ ልንዳላችሁ? አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። እምቢ ካልሽ አምንሻለሁ።»

ጆሊን የያዘችውን ቦርድ መሬት አስደገፈች። እኔ ወዲያ ማዶ ቆሜ ምላሴን ነክሻለሁ። በሞቴ፣ እሺ በይ፣ ምን ታስቢያለሽ ልላት ምንም አልቀረኝ። ሰዓቱ ደግሞ እየሄደ ነው፤ እዚያ ምዕራብ ያሉት የፊልም ሰዎች ዛሬ መልሷን ይጠብቃሉ። እሷ ግን አልቸኮለችም። ጋሼን አየቻቸው፣ ልጆቹን አየቻቸው፣ አውቶቡሱን አየችው።

«እሺ» አለች። «ይንዱልን።»

ልጆቹ ምን እንደተባለ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ እንደ ጎርፍ ወደ አውቶቡሱ ሮጡ። ጆሊን በእጇ መልሳ በክብ አቆመቻቸው። ወደ ጋሼ ዞራ «የእኛ ልማድ በመነሻው ላይ ትምባሆ ከዛፍ ሥር ማኖር ነው። እርስዎ እንዲይዙት አልጠይቅም» አለች።

«ጸሎት ነው ብለሻል አይደል?»

«ጸሎት ነው።»

«እንግዲያው አንቺ ያዢው፣ እኔ እጸልያለሁ» አሉ ጋሼ።

እሷ በግራ እጇ ትንሽ ትምባሆ ይዛ ዛፉ ሥር ተንበረከከች። ጋሼ ከጎኗ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው በአማርኛ ጀመሩ። ጴንጤ ሲጸልይ ያየ ሰው ያውቃል። ለልጆቹ ጸለዩ፣ ለአውቶቡሱ ጸለዩ፣ ለፍሬኑ ለብቻው ጸለዩ። ለጆሊን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ጸለዩ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና በሩ ላይ ቆማ እምቢ ስላለች አንዲት አያት አመሰገኑ። ጆሊን አማርኛ አትሰማም፣ ግን አንገቷን እንደ ደፋች ቀረች። የልጆቹ ከንፈር ሰማያዊ ሲሆን እኔ አላስቻለኝም፣ «ጋሼ፣ አሜን ይበሉ እንጂ፣ ልጆቹ በረዱ» አልኩ።

አሜን ተባለ። ጆሊን ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ስልኳን አወጣች። ጋሼ አጠገብ፣ እዚያው ቆማ ደወለች።

«ግብዣችሁን አመሰግናለሁ። አልመጣም» አለች።

የሰውዬው ድምፅ ከስልኩ እየሾለከ ይሰማል። ለአንድ ወር ብቻ ነይ ይላታል። «አይ» አለች። ልጆቹን በአውሮፕላን ለአንድ ቀን እናመጣለን፣ እንቀርጻቸዋለን ይላታል። «አይ» አለች። እስቲ እሁድን አስቢበትና ሰኞ እንነጋገር ይላታል።

ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«እየደጋገመ ይጠይቃታል።»

«ሐበሻ ነው እንዴ?» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። ፌበንም ሰምታ ሳቀች፤ ለጓደኞቿ በእንግሊዝኛ ስትነግራቸው እነሱም። ጆሊን «ሦስት ጊዜ መልሼልሃለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ፊቷ ላይ ጸጸት ፈልጌ አጣሁ። «ተራራው የትም አይሄድም» አለችኝ። «ማርች ላይ ኩቤክ ውድድር አለኝ። እዚያ አሸንፋለሁ።» ነገ ዝናብ ይዘንባል እንደሚል ሰው ነው ያለችው፤ እኔም አመንኳት።

ልጆቹ ቦርዳቸውን መልሰው ጭነው ገቡ። ጋሼ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው ወንበሩን ወደፊት ሳቡ፣ መስታወቱን አስተካከሉ፣ ጓንታቸውን አውልቀው መሪውን በባዶ እጃቸው ያዙ። ጆሊን ደረጃው ላይ ቆማ ነበር።

«አቶ ሙሉነህ» አለች፤ «ኩቤክ በምሄድበት ቅዳሜ እኔ የለሁም። ልጆቹ ትልቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል። መንዳት ብቻ አይደለም፤ ክቡ መሀል እርስዎ እንዲቆሙ፣ ቀኑን እርስዎ እንዲከፍቱላቸው። በእኔ ቦታ ይሆኑልኛል?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። አውቃቸዋለሁ፤ «አይ፣ እኔ ለዚህ እንኳ» የሚለው ሲመጣ ከንፈራቸው ላይ አየሁት። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። ዋጡት።

«እፈልጋለሁ» አሉ።

እሳቸው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፤ ይሄን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።